ከ9 ዓመት በኋላ የመጣችው ልጄ ለምን ትርቀኛለች?

ጥያቄ፦ ልጄን በ4 ዓመቷ ለእናቴ ትቼ ተሰደድኩ። ወረቀት እስካገኝና ፕሮሰሱ እስኪያልቅ 9 ዓመት አለፈ። አሁን 13 ዓመቷ ነው፤ ከመጣች 5 ወር ሆናት። የመጀመሪያውን ወር ደስተኛ ነበረች፣ ማታ ማታ እኔው ጋር ትተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ ትውላለች። ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ ትስቃለች፤ እኔ ስገባ ዝም ትላለች። እማዬ የምትለው አያቷን ነው፤ እኔን በምንም አትጠራኝም። እዚህ ያገባሁት ባለቤቴ “ሥርዓት አልተማረችም” ይላል። የ3 ዓመት ወንድሟን አንድ ጊዜ ገፍትራ ጥላዋለች። ባለፈው ሳምንት “ለምን አመጣሽኝ?” አለችኝ፤ አልቅሼ ወጣሁ። ያን ሁሉ መከራ ያየሁት ለእሷ ብዬ ነው። ምን አጠፋሁ? ምንስ ላድርግ?

ምላሽ፦ ከጻፉት ውስጥ ልጅዎ እርስዎን እንደጠላች የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። የሚታየኝ ሐዘን ነው። እርስዎ 9 ዓመት የናፈቋትን ልጅ አግኝተዋል። እሷ ደግሞ በአንድ የአውሮፕላን ጉዞ ያሳደጓትን አያቷን፣ የለመደችውን አልጋ፣ አብሮ አደጎቿን፣ እየቀለደች የምታወራበትን ቋንቋ አጥታለች። ለእርስዎ የመገናኛ ቀን የሆነው ለእሷ ሁለተኛ የመለያያ ቀን ነው፤ በ4 ዓመቷ ከአንድ እናት፣ በ13 ዓመቷ ከሌላ እናት ተለየች። ሁለቱንም ጊዜ የወሰኑት አዋቂዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው መለያየት በእርስዎ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ካሮላ ስዋሬዝ-ኦሮዝኮ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከቻይና፣ ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከሄይቲና ከሜክሲኮ የመጡ 400 ያህል ታዳጊዎችን አጥንተው ነበር። ከ100ው 85 ያህሉ በስደቱ ምክንያት ከአንዱ ወይም ከሁለቱም ወላጆቻቸው ተለይተው የቆዩ ነበሩ። ልጆቹን ለ5 ዓመት ሲከታተሏቸው፣ መጀመሪያ ላይ የታየው ጭንቀትና ድብርት ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ሄዷል። ይህን የምጠቅሰው ጊዜ ብቻውን ያድናል ለማለት አይደለም። አሁን የሚያዩት መራቅ በዚሁ ይቀራል ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው።

የመጀመሪያው ወር መልካም ሆኖ ኋላ ለምን ተበላሸ? የእናትና የልጅን ቁርኝት ያጠኑት ጆን ቦውልቢና ጄምስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ሲመለከቱ አንድ ተደጋጋሚ መንገድ አይተዋል። ልጁ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ስሜቱን ይዘጋል። እናቱ ስትመለስ እንደማያውቃት ፊቱን ያዞራል፤ ሲከፈት ደግሞ አንዴ ይጠመጠምባታል፣ አንዴ ይቆጣታል። ከዓመታት በኋላ በመጣ ታዳጊ ላይም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእንግድነት ጊዜ ናቸው፤ ልጅቷ ሁሉንም ለማስደሰት ትጥራለች። እውነተኛው ስሜት የሚወጣው ቤቱ ቤቷ መሆኑ፣ ወደ ኋላ መመለስም እንደሌለ ሲገባት ነው። በእርስዎ ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ አንድ ወር ሙሉ አብራዎት ተኝታለች፤ ከዚያ ለብቻዋ መተኛት ስትጀምር ምን ተባለች? ምንም ሳይነገራት ወደ ባለቤትዎ ክፍል ከተመለሱ፣ ይህን እንደ ገና መተው ልትቆጥረው ትችላለች። ዛሬም ቢሆን ሊያስረዷት ይችላሉ።

ከሁሉ በፊት የአያቷን ጉዳይ ያስተካክሉ። ብዙ ወላጆች “እዚህ እንድትለምድ” ብለው ስልኩን ይቀንሳሉ፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሰው ሲሞት እርም ይወጣል። በሕይወት እያለ ከራቀ ሰው ላይ ግን እርም አይወጣም። ፖሊን ቦስ የተባለች የቤተሰብ ሕክምና ተመራማሪ መጨረሻው ያልለየለት ማጣት የምትለው ይህን ነው፤ የሚጎዳውም መቋጫ ስለሌለው ነው። ስለዚህ የታወቀ ሰዓት ይስጧት፦ ለምሳሌ በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን፣ ግማሽ ሰዓት፣ በሯ ተዘግቶ፣ ማንም ሳያዳምጥ። የሰዓት ልዩነቱ እንቅልፏን እንዳይወስድ ቀኑንና ሰዓቱን ከእናትዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ስትስቅ ሰምተው ቢያዝኑም ለምን ሳቅሽ ብለው አይጠይቋት።

እናትዎንም ለብቻቸው ይደውሉላቸውና ሦስት ነገር ይለምኗቸው። አንደኛ፣ ልጅቷ በእርስዎ ላይ ስታማርር አብረው እንዳያማርሩ፤ “አይዞሽ፣ ይህንኑ ለእናትሽ ንገሪያት” ይበሏት። ሁለተኛ፣ “ካልተመቸሽ እመልስሻለሁ” እንዳይሏት፤ አንድ እግሯ ሁልጊዜ በር ላይ ይቀራልና። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ በገዛ አንደበታቸው “እናትሽን ብትወጃት ደስ ይለኛል፣ እኔን መርሳት አይሆንም” ይበሏት። ልጅቷ አሁን የተያዘችው በታማኝነት መካከል ነው። እርስዎን መቅረብ አያቷን መክዳት ይመስላታል፤ ከዚያ ነፃ ሊያወጣት የሚችለው የአያቷ ቃል ነው። የሚልኩት ገንዘብም ልጅቷ ስለመጣች በድንገት አይቋረጥ ወይም አይቀነስ። ልጆች ይህን ማወቃቸው አይቀርም፤ በእኔ መምጣት አያቴ ተጎዳች ይላሉ፣ ለማንም ሳይናገሩ ሸክሙን ይይዙታል።

ስለ መጠሪያው አይጨነቁ። እማዬ የሚለው ስም በልቧ ባለቤት አለው። በግድ እማዬ በይኝ ማለት ከአያቷ ነጥቀሽ ስጪኝ ማለት ነው። ልጅ በምንም ሳይጠራ “እ…” እያለ የሚጀምረው ትክክለኛውን ቃል ስላላገኘ፣ ሁለቱንም ላለማስቀየም ነው። መንገዱን ይክፈቱላት፦ “እማዬ አያትሽ ናት፣ እሷው ትሁን። እኔን በስሜም ብትጠሪኝ፣ ሌላ የምትወጂው ቃል ካለሽም በእሱ ብትጠሪኝ አልቀየምም።” ከዚያ በኋላ አይጠይቋት። ዘመድ ሲመጣ “እናትሽን በስሟ ትጠሪያለሽ?” ብሎ እንዳይስቅባት አስቀድመው ይንገሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሲሄዱ እንዴት ሄዱ? ተሰናብተዋት ነው፣ ተኝታ ሳለች፣ ወይስ “ነገ እመጣለሁ” ብለው? የ4 ዓመት ልጅ ሁሉንም ባታስታውስም ቁርጥራጭ ይቀርባታል፤ የሻንጣ ድምፅ፣ ሲነቁ ባዶ የነበረ ፍራሽ። ማንም ካላብራራላት ክፍተቱን ራሷ ትሞላዋለች፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሞላው “ብጠላ ነው፣ ባስቸግር ነው” በሚል ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከእርስዎ መስማት አለባት። ፊት ለፊት አስቀምጠው አይንገሯት፤ አብረው ሲሄዱ፣ ልብስ ሲያጥፉ፣ ዕቃ ሲያጥቡ ይሁን። ታዳጊ ዓይን ለዓይን ካልተያያዘ ይቀለዋል። ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያልቅም አይደለም።

የሚነገረው ሦስት ነገር ነው። የሆነው ምን ነበር፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ፤ እሷ ያጣችውን እርስዎ እንደሚያውቁ። ለምሳሌ፦ “በዚያ ጊዜ ሥራ አልነበረኝም፣ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ይዤሽ መሄድ አልቻልኩም። ተኝተሽ ሳለ ነው የሄድኩት፤ ስታለቅሺ ማየት ስለፈራሁ ነበር። ልሰናበትሽ ይገባ ነበር። ይቅርታ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ትምህርት ቤት የገባሽ ቀን፣ የታመምሽ ቀን አልነበርኩም፤ ያ ለአንቺ ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ።” የእርስዎ እውነት ከዚህ የተለየ ከሆነ የእርስዎን ይናገሩ፤ ያልሆነ ነገር ግን አይጨምሩ፣ አያቷን ጠይቃ ታጣራለች።

በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳያስገቡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ “ለአንቺ ብዬ ነው።” እውነት ነው። በእሷ ጆሮ ግን ዕዳ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ልጅ ደግሞ የ9 ዓመት መከራ መክፈል አይችልም። ከዚያ በኋላ ማዘን ውለታ መርሳት፣ መቆጣት ደግሞ ነውር ይሆንባታል። ቁጣ የሚወጣበት በር ሲያጣ ወይ በትንሹ ወንድም ላይ ይወርዳል፣ ወይ ዝምታ ይሆናል። የደከሙትን ድካም የምትሰማበት ቀን ይመጣል፤ ራሷ ስትጠይቅ ያኔ ይነግሯታል።

ለዚህ ሥራ የሚያግዝ ቀላል መሣሪያ አለ። አንድ ረጅም ወረቀት ላይ 9 ዓመቱን በመስመር ያስምሩ። ከመስመሩ በላይ እሷ ሕይወቷን ትጽፍበታለች፣ ፎቶ ትለጥፍበታለች፤ ጥርሷ የወለቀበት፣ ክፍል የቀየረችበት፣ ጓደኛ ያገኘችበት። ከመስመሩ በታች እርስዎ የእርስዎን፤ የመጀመሪያው ሥራ፣ የተከራዩት ክፍል፣ ማመልከቻው የተመለሰበት ቀን፣ ወንድሟ የተወለደበት። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት ይሳሉ፤ “ይህን ጫማ የላክሁት ያኔ ነው” ማለት ይቻላል። በአንድ ቀን አይጨርሱት። የላይኛው ክፍል የእሷ ነው፤ አያርሙት። አያቷ በስልክ የሚጨምሩት ነገር ቢኖር ደግሞ እሰየው።

ከንግግሩ የሚበልጠው የየዕለቱ ጊዜ ነው። በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት፣ ወንድሟ በሌለበት፣ ስልክዎ ተቀምጦ፣ የሚደረገውን እሷ መርጣ። በዚያች ጊዜ ምክር፣ የቤት ሥራና ጥያቄ የለም። ዝም ብላ ቪዲዮ ብታሳይዎት ይበቃል። ብዙ ወላጆች በድርብ ፈረቃ ይደክሙና በወር አንድ ቀን ትልቅ ሽርሽር ወይም ውድ ስጦታ በማድረግ ለማካካስ ይሞክራሉ። ስጦታ ከሩቅ የምትልክ እናት ቋንቋ ነበር፤ ልጅቷ ያንን ለ9 ዓመት ተቀብላዋለች። አሁን የጎደላት መገኘትዎ ነው። የሌሊት ፈረቃ ከሆኑ ከመውጣትዎ በፊት ያድርጉት፤ ካልተገናኛችሁ በወረቀት ሁለት መስመር ይተዉላት። እቅፍን አይገድዷት። በ13 ዓመት ሰውነት እየተለወጠ ነው፤ በቅርብ የተዋወቃት ሰው ሲነካት ሊከብዳት ይችላል፣ ያ ሰው እናቷ ብትሆንም። አጠገቧ መቀመጥ፣ ከፈቀደች ጸጉሯን መሥራት የተሻለ በር ነው። ስለ ወር አበባም ከማን ጋር እንደምትነጋገር ይወቁ፤ በዚህ አንድ ጊዜ በግልጽ የረዳቻትን ሴት፣ ልጅ አትረሳም።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ “ሥርዓት አልተማረችም” ያለው ልጅቷ የሌላ ቤት ሥርዓት ስለተማረች ነው። በዚያ ቤት ምናልባት በር መዝጋት ነውር አልነበረም፣ ምናልባት የሚታዘዙት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እንጀራ አባት ገና ሳይወደድ መቅጣት ሲጀምር ልጅቷም ትሸሻለች፣ ትዳሩም ይጎዳል። በታዳጊ ዕድሜ ያለች የእንጀራ ልጅ የአባትነት ሥልጣን ለመቀበል ወራት አይበቃትም፣ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የቤቱን ሕግ ወደ 3 ወይም 4 ያውርዱት (መሰዳደብና መማታት የለም፣ የት እንዳለሽ ይታወቅ፣ ማታ ስልክ በዚህ ሰዓት ይቀመጣል)፤ የሚናገሩትም የሚያስፈጽሙትም እርስዎ ይሁኑ። እርስዎ በሌሉበት እሱ የሚለው “እናትሽ ያለችው ይህ ነው፣ ስትመጣ ትነጋገራላችሁ” ብቻ ነው። የእሱ ድርሻ ቀላል ነገር ነው፤ መንገድ ማሳየት፣ የተበላሸ ነገር አብሮ መጠገን፣ ሰላምታ ባትመልስም ሰላም ማለት። እርስዎ ደግሞ ስለ እሷ የሚጨነቁትን ሁሉ በእሱ ላይ አያራግፉ፤ እሱም ቢሆን የማያውቃት ታዳጊ በድንገት ቤቱ ገብታለች።

ከ5 ወር በፊት ካልተዋወቀችው ወንድ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር ልጅ መሆኗንም ያስቡ። ሳያንኳኳ ማንም ክፍሏ አይግባ፣ የመታጠቢያው በር ቁልፍ ይኑረው፣ ልብስ የምትለውጥበት የራሷ ቦታ ይኑራት። ይህ ባለቤትዎን መጠርጠር አይደለም፤ ሁለቱንም ይጠብቃል፣ እሷንም ያረጋጋል።

ወንድሟን መግፋቷ ያስደነግጣል። ግን ዕድሜውን ያስሉት፤ 3 ዓመቱ ነው። እርስዎ የሄዱት እሷ 4 ሲሆናት ነበር። በየማታው ሲያጥቡት፣ ሲያስተኙት የምታየው በትክክል ያጣችውን ነው፤ እሱ እናቱን ሲጠራ የምትሰማው እሷ ያላገኘችውን ቃል ነው። ስትገፋው ያስቁሟት፣ ሕፃኑን ያንሡ፣ አጭር ይናገሩ፦ “መምታት አይፈቀድም። እንደተናደድሽ አይቻለሁ፣ በኋላ እንነጋገራለን።” ክፉ፣ ቀናተኛ የሚል ስም አይስጧት። በኋላ ለብቻ ሲሆኑ “አንቺም እንዲህ ትንሽ ሳለሽ…” ብለው እሷን ሲያጥቡ፣ ሲያስተኙ የነበረውን ይንገሯት፤ የሕፃንነቷን ታሪክ የሚያውቁት እርስዎና አያቷ ብቻ ናችሁ። በምንም ምክንያት ደግሞ ሞግዚት አያድርጓት። በመጀመሪያው ዓመት ወንድሟን መጠበቅ የዘወትር ሥራዋ ከሆነ “ያመጡኝ ለዚህ ነው” የምትለው መልስ ዝግጁ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱን ያነጋግሩ። ጂም ከሚንስ የተባለው ተመራማሪ እንዳሳየው አዲስ ቋንቋ የሚማር ልጅ ለዕለት ንግግር 2 ዓመት ያህል፣ ለትምህርት ቋንቋ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ለመምህራን የሚታያቸው የመጀመሪያው ነው፤ ከጓደኛ ጋር ስታወራ ይሰሙና ፈተና ስትወድቅ ሰነፍ ይሏታል። ትንንሾቹ ልጆች ቀድመዋት ከተናገሩ ደግሞ እፍረቷ ይጨምራል። ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት እንዲሰጣት፣ ሒሳብ ወይም ሌላ ትምህርት በምታውቀው ቋንቋ እንዲፈተሽ ይጠይቁ። ቋንቋው ሲገባት እርስዎን ማስተርጎም ትጀምራለች፤ ለገበያና ለደብዳቤ ምንም አይደለም። ሐኪም ቤት፣ ጠበቃ ዘንድ፣ የእርስዎ ሕመም ወይም ጠብ በሚነገርበት ቦታ ግን ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠይቁ። እዚያ ልጅ ስትተረጉም የቤቱ እናት እሷ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ እርስዎን መታዘዝ ይከብዳታል። በወረቀቷ ላይ ስሟ ወይም ዕድሜዋ ከምታውቀው የተለየ ከሆነም ምክንያቱን ይንገሯት፣ ቤት ውስጥ በሚያውቁት ስሟ ይጥሯት፤ ማስተካከል ከፈለጉ አስቀድመው የስደተኛ ጉዳይ ጠበቃ ያማክሩ።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ወይም ምግብ መተው፣ ከአያቷም ጋር ማውራት ማቆም፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት፣ ሰውነቷን መቁረጥ፣ ከቤት መጥፋት፣ “ባልኖር ይሻላል” የሚል ቃል ካዩ ወይም ከሰሙ ዛሬውኑ ይንቀሳቀሱ። “ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?” ብለው በግልጽ ይጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አይተዋት፣ ሹል ነገርና መድኃኒት ያርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷት። እንዲሁም እርስዎ ባልነበሩበት ዘመን የደረሰባት ጥቃት ሊኖር እንደሚችል ልብ ይበሉ። አንድ ቀን ከነገረችዎት አይጩኹ፣ “ለምን ያኔ አልነገርሽም?” አይበሏት። “ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፤ አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” ይበሏትና የልጆች ባለሙያ ያግኙ። ባለሙያ ሲመርጡ ከስደት የተገናኙ ቤተሰቦችን አይቶ እንደሚያውቅ፣ ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ እንደሚያቀርብ፣ ሁለታችሁንም በጋራና ለየብቻ እንደሚያነጋግር ይጠይቁ።

መሻሻሉ እርስዎ በጠበቁት መልክ ላይመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከዝምታው ቀጥሎ የሚመጣው ፍቅር ሳይሆን ጭቅጭቅ ነው፤ በር መወርወር፣ “አንቺ ምን አግብቶሽ” ማለት፣ ቅሬታ፣ ይህን ግዢልኝ ማለት። እንግዳ አይጨቃጨቅም። እንዲህ ስትሆን ሕጉን ይያዙ፣ ንግግሩን ግን አይዝጉ።

ስለዚህ “ለምን አመጣሽኝ?” ያለችው ቀን እስካሁን ካወራችዎት ሁሉ የቀረበችበት ቀን ነው። ያኔ አልቅሰው ወጡ፤ ጥያቄው ግን አሁንም መልስ ይጠብቃል። በዚህ ሳምንት፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ እርስዎ ይጀምሩት፦ “ባለፈው የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም። ያመጣሁሽ አብሬሽ መኖር ስለፈለግሁ ነው። አንቺ መምጣት ትፈልጊ እንደሆነ ግን በደንብ አልጠየቅሁሽም። ከሁሉ የናፈቀሽ ምንድን ነው?” ከዚያ ዝም ይበሉ። መልሱ አያቷ ቢሆኑም፣ አንድ የሰፈር ጓደኛ ቢሆንም፣ ትከሻ መነቅነቅ ብቻ ቢሆንም አያርሙት፤ ነገ በዚያችው ሰዓት አጠገቧ ይቀመጡ።